የስንሻው ንፍፊት

ባለፈው ሰሞን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ከዓይኔ ለመሸሸግ ስትታገል አየኋት። የፍቅር መልእክት ነው ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት፤ ማርጀት ካሉት ጥቂት ጥቅሞች አንዱ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ መቻል ነው። አዲስ ቅዳም ልንገባ ስንል ግን መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ነጠረና ስልኩ እኔ ጭን ላይ ወደቀ። አንስቼ ልሰጣት ስል ሥዕሉን አየሁት፤ የሰው ብሽሽት ነው። ቆዳው ተገልጦ፣ ደም ቅዳው በቀይ፣ ደም መላሹ በሰማያዊ፣ የንፍፊት እጢዎቹ ደግሞ በአረንጓዴ ተቀብተው እንደ አተር ፍሬ ተደርድረዋል። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። «ይቅርታ አባባ፣ የትምህርት ነው። ጤና ነው የምማረው፤ ነገ ፈተና አለብኝ» አለችኝ። «ወርዱን የተደረደሩት ላይኞቹ ናቸው፤ ቁመቱን የወረዱት ታችኞቹ። የእግር ነገር ወደ ታችኞቹ ነው የሚመጣው» አልኳት። ይሄ ጋቢውን የተከናነበ ሽማግሌ ይህን ከየት አመጣው በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። በዚሁ ሥራ ዕድሜዬን ጨርሼ ጡረታ እንደወጣሁ ልነግራት አልኩና ተውኩት። ኔትወርኩም ጠፍቶ ሥዕሉ እንቢ ሲላት ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከእኔ ፊት ግን ሥዕሉ አልጠፋ አለ፤ ዳንግላ እስክንገባ ድረስ ሲስተር የሺመቤትን ሳስብ ሄድኩ።

ያኔ እንጅባራን ኮሶበር ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ ከኮሶበር ዳንግላ ለመድረስ የጭነት መኪና ላይ እህል ተደግፎ መሄድ ነው፣ አቧራው ሲያራግፉት ይውላል። ዛሬ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ የሸፈነው የፋግታ ተረተር ያኔ ገብስና ድንች ነበር፤ ከመኪናው ላይ ሆኖ ፈረሰኛ ሲጋልብ ከተራራው ግርጌ እስከ አናቱ በዓይን መከተል ይቻል ነበር። ዳንግላ ላይ ሻይ በአሥር ሳንቲም እንጠጣለን፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ቴፕ አለ፤ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ባለቤቱ በእስክሪብቶ ሲያጠነጥን ዘፈኑን እኛ በአፋችን እንጨርስለታለን። የከተማው ጎረምሳ ታቹ የሰፋ ሱሪ ለብሶ፣ ጸጉሩን አጎፍሮ ይዞራል። የገጠሩ ሰው በካኪ ቁምጣው ላይ በርኖሱን ደርቦ ይመጣል፤ ከታች ግን ባዶ እግሩን ነው። መንግሥት ተለውጦ ነበር ወይስ ሊለወጥ ነበር፣ አሁን በውል አላስታውስም። የማስታውሰው የዳንግላ ክሊኒካችንን ሽታ ነው፤ አልኮል፣ የልብስ ሳሙና፣ የረጠበ ቀርከሃ። ሁለት ክፍል ነበረች፣ አጥሯ ቀርከሃ። ሥራ አስኪያጇም፣ አዋላጇም፣ መርፌ ወጊዋም ሲስተር የሺመቤት ነበሩ። እኔ ደግሞ አዲስ የተመደብኩ ጤና ረዳት ነኝ፤ የጥሊሊ ልጅ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ አገውኛውን ከእናቴ ያገኘሁ፣ በራሴም ትንሽ የምኮራ።

ሲስተር ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ነው የመጡት። ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ነጭ ቀሚሳቸው በዚያ ጭቃ መሃል እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚቆይ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ነው የሚያደርጉት። ከሰዓት በኋላ በሽተኛው ሲያልቅ አግዳሚው ላይ ያስቀምጡኝና የተማርኩትን ይጠይቁኛል፤ የብሽሽትን ነገር የተማርኩት እንደዚያ ነው። በትምህርት ቤት ስም ሸምድጄ ነበር፤ ከስሙ በቀር ግን ምንም አልያዝኩም። እሳቸው ስሙን ሁሉ ወዲያ አሉና «ኬላ ነው» አሉኝ። «በደማችን መንገድ ጎን ሌላ መንገድ አለ፤ ነጣ ያለ ፈሳሽ ከየቆዳው ሥር ተለቃቅሞ ሽቅብ የሚሄድበት። ቁስል ካለ ቆሻሻውም አብሮ ይሄዳል። ንፍፊት ማለት ያንን የሚፈትሽ ኬላ ነው። ሌባ ሲይዝ ይጮሃል፤ ያብጣል ማለት ነው። ታዲያ እያንዳንዱ ኬላ የሚፈትሸው የራሱን መንገድ ብቻ ነው። የትኛው እንደጮኸ ካወቅህ ሌባው ከየት እንደተነሳ አወቅህ።» ከዚያ ይዘረዝሩታል። ብሽሽት ላይ፣ ሆድና ጭን በሚገናኙበት እጥፋት ሥር፣ በወርዱ የተደረደሩ አሉ። ከእነዚያ ወደ ውስጥ ያሉት የኀፍረተ ሥጋውን አካባቢ ይፈትሻሉ፤ ወደ ዳሌው ያሉት ደግሞ መቀመጫን፣ ከወገብ በታች ጎንና ጀርባን፣ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ። ከነሱ መካከል ወደ ታች፣ ከእግር በጭን ውስጥ በኩል የሚወጣውን ረጅሙን ደም መላሽ ተከትለው በቁመት የወረዱት የእግር ናቸው፤ ከጣት ጀምሮ። ተረከዝና የባት ውጭ በኩል ብቻ አስቀድሞ ከጉልበት ኋላ ባለ ሌላ ኬላ ያልፋል። ከሁሉም ጠልቀው፣ ጡንቻውን በሚለብሰው ጠንካራ ሽፋን ሥር፣ ትልቁን ደም መላሽ ተጠግተው ጥልቆቹ አሉ፤ ጣት አይደርስባቸውም። «የወንድ ፍሬ ግን ብሽሽት አይመጣም፤ ሽቅብ ወደ ሆድ ነው መንገዱ። ይህንን የሚስት ሐኪም ብዙ ነው፤ አንተ እንዳትሆን» ይሉኛል። እንደዚያ ሲያስረዱኝ የሰው ገላ እንዲህ የተሰናዳ መሆኑ ያስደንቀኝ ነበር፤ አሁንም ያስደንቀኛል።

የስንሻው ነገር የመጣው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ስንሻው የፋግታ ልጅ ነው፤ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ የተሰፋ የሚመስል። ጉግስ ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ ባዶ እግሩን፣ ርካቡን በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መሃል ቆንጥጦ ይዞ፣ ሽምጥ እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ ዘንጉን ይመክታል። ባላምባራስ አድማሱ የሚባሉ፣ በዘመናቸው በፈረስ ስማቸው የተጠራ ሰው፣ ይህንን አይተው ነው ልጃቸውን አንጓችን የፈቀዱለት። ሀብት አልጠየቁም። «አቀማመጡን ወደድኩት» ነው ያሉት። አገር የሚያውቀው አንድ እንከን ግን ነበረበት፤ የአባቱ እናት እግራቸው ያበጠ ነው። ያ ዝሆኔ የምንለው። እኛ ዘንድ ያኔ ልጅ ሲታጭ ከርስትም ከከብትም በፊት የሚጣራው ይህ ነበር፤ ዘሩ ውስጥ ያበጠ እግር አለ ወይ? አለ ከተባለ ጋብቻው እዚያው ላይ ይቀራል። አሮጊቷ ስለዚህ ከጓሮ በምትገኝ ጎጆ ተቀምጠው ለሠርግም ለሐዘንም አይወጡም፤ ቤተሰቡ ሲጠየቅ «የቆየ ቁስል ነው» ይላል። ባላምባራስ ይህንን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው አልፈዋል። እህታቸው እትዬ ጥሩአለም ግን አላለፉም፤ ዓይናቸው ከስንሻው እግር ላይ አልነቀል ብሎ ከረመ።

የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ስንሻው ከሽማግሌዎች ጋር ባላምባራስ ቤት ሄደ። በልተው ጠጥተው ሊሰናበቱ ሲነሱ ሁሉም ፈረሱ ላይ ወጣ። ስንሻውም እግሩን ርካብ ላይ አድርጎ ሊነሳ ሲል ጮኸ፤ ቀኝ እጁን ብሽሽቱ ላይ ጫነ፤ ከዚያ ፈረሱን እየጎተተ፣ ገደድ ገደድ እያለ፣ በእግሩ ወጣ። ለእትዬ ጥሩአለም ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለጋቸውም። «ንፍፊት ነው! እንደዚህ ነው የሚጀምረው። አያቲቱም እንዲህ ነበር የጀመራቸው። ዘሩ ወጣ!» አሉ። በእርግጥም ዝሆኔ ያለበት እግር ሲነሳበት ብሽሽት ያብጣል፤ ሴትዮዋ ከመሬት ተነስተው አልነበረም። ባላምባራስ ቃላቸውን ማጠፍ ሞት ነው የሚሆንባቸው፤ ልጃቸውን በዓይናቸው እያዩ መስጠትም ሌላ ሞት። እናም ዳንግላ ወርዶ ሐኪም ይየው፣ እግሩ ንጹሕ ነው ከተባለ ሠርጉ ይሆናል፣ ካልተባለ አይሆንም ብለው ቆረጡ። በገበያ ቀን ሁሉም ተያይዘው መጡ፤ ባላምባራስ፣ እትዬ ጥሩአለም፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ስንሻው ከኋላ እየተጎተተ፣ አንጓችም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ።

የምርመራ አልጋችን አንድ ናት፤ በሽቦ ላይ በተሰቀለ አቡጀዴ ተጋርዳለች። ስንሻው ከመጋረጃው ወዲያ ገባና ሲስተር ሊከተሉት ሲሉ ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ሴት አታየኝም። ብሞትም አታየኝም» አለ። ሌላ ቢሆን ወይ ይቆጣል ወይ ያባርረዋል። ሲስተር ግን ሰዎቹን ወደ ደጅ አስወጥተው በሩን ዘጉና ወንበር ስበው ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጡ። «ደግ፣ አላይህም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ግባ። ጣቶችህን አውሰኝ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ምርመራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ሁለት አጥንት ፈልግ» አሉኝ ከወዲህ። «አንዱ ዳሌው ላይ ወደ ፊት የወጣው፤ አንዱ ከሆዱ ግርጌ፣ ወደ መሃል ያለው። በሁለቱ መካከል ጅማት ተወጥሯል።»

«አገኘሁት።»

«ከመሃሉ ዝቅ በል። ትርታ አለ?»

«አለ፤ ይመታል።»

«እሱ ደም ቅዳው ነው። ከሱ ወደ ውስጥ ደም መላሹ። አሁን ደም መላሹን ይዘህ በጭኑ ቁመት ውረድ። ቀስ ብለህ። የእግር ኬላዎች እዚያ ናቸው።»

ወረድኩ። ስንሻው ጣሪያውን እያየ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ይደግማል። በመስኮቱ ደግሞ እትዬ ጥሩአለም መቁጠሪያቸውን ይዘው በአጥሩ ጥግ ሲመላለሱ ይታያሉ። «ሽምብራ የምታህል አለች፤ ትንሸራተታለች። ስነካት አላመመውም» አልኩ።

«እሷ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ ላይ አለች፤ ተዋት። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ወደ ላይ ተመለስ። ከጅማቱ ሥር በወርዱ። ከውስጥ ጀምር።» ይህንን ሲሉ ድምፃቸው ጠበቅ አለ፤ የኀፍረተ ሥጋው ኬላ ካበጠ ነገሩ የአባላዘር በሽታ ይሆንና ለጋብቻ ከዝሆኔም የሚብስ ወሬ ነው።

«ባዶ ነው ሲስተር።»

«ተመስገን። አሁን ወደ ውጭ፣ ወደ ዳሌው።»

እዚያ ስደርስ ስንሻው ከአልጋው ብድግ አለ። የርግብ እንቁላል የሚያህል፣ ትኩስ፣ ቆዳው ቀላ ያለ እብጠት ነው። ነገርኳቸው። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ «የእግሩን ጣቶች ከፈት ከፈት አድርገህ እይ» አሉኝ። አየሁ፤ ርካቡ ያጠነከረው ቆዳ እንጂ ስንጥቅም ቁስልም የለም፤ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ፈረሱ ደረቅ። «ከእምብርቱ በታች ሆዱ ላይ?» የለም። «ወገቡና ጎኑ ላይ?» የለም። «እንግዲያው መቀመጫው ላይ ነው፤ በዚያው በቀኝ በኩል። ገልብጠው» አሉ።

ስንሻው ዓይኑ ፈጠጠ። «ማን ነገራት?» አለኝ በሹክሹክታ፣ በአገውኛ። ማንም አልነገራቸውም። ሲገለበጥ፣ እንዳሉት፣ በቀኝ በኩል ኮርቻ የሚያርፍበት ላይ፣ ሊፈነዳ የደረሰ ብጉንጅ ተቀምጧል። ሰውየውን በዓይናቸው ሳያዩት፣ ሳይነኩት፣ በሌላ ሰው ጣት ተመርተው ቁስሉ ያለበትን ቦታ ነገሩኝ። በስንት ሆስፒታል ስንት ሐኪም አይቻለሁ፤ ስለ ሙያ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ግን ያቺ የአቡጀዴ መጋረጃ ናት።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ስንሻው ግን እጄን ያዘኝ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ለሠርጉ ብሎ አዲስ ኮርቻ አሠርቷል፤ የቆዳው ጌጥ እንዲታይ ብሎ ኮርቻው ላይ የሚነጠፈውን ለስላሳ ጨርቅ፣ ግላሱን፣ ሳያነጥፍ ለአንድ ሳምንት ጋልቦበታል። «ኮርቻ የሚያቆስለው ጀማሪን ነው። ባላምባራስ አቀማመጤን አይተው ነው ልጃቸውን የሰጡኝ። አሁን ቂጡ ቆሰለ ሲባሉ ምን ሊሉ ነው? በእግሬ ከሆነ ዘሬ ነው፣ ምን ላድርግ እላለሁ። በዚህ ከሆነ ግን እኔው ነኝ» አለኝ። ለፈረስ አገር ሰው ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። ያለውን ለሲስተር በአማርኛ ነገርኳቸው፤ መልሳቸው ከመጋረጃው ወዲህ መጣ፤ ተረጎምኩለት። «ገላው የሱ ነው። ካልፈቀደልኝ ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን እግሩ ንጹሕ መሆኑን እናገራለሁ» አሉ።

ሰዎቹን አስገብተው ከፊታቸው ቆሙና በቀርከሃ ስንጥር መሬቱ ላይ መስመር አሰመሩ። «ባላምባራስ፣ ይቺ ኮሶበር ናት። ይሄ የጥሊሊ መንገድ፣ ይሄ የቻግኒ መንገድ። ከጥሊሊ የተነሳ ሌባ ኮሶበር ሲገባ የቻግኒው መግቢያ ላይ ያለ ኬላ ይይዘዋል?»

«እንዴት ተደርጎ ሲስተር? በዚያ መች አልፎ!»

«የቻግኒው ኬላ ከጮኸ ሌባውን ጥሊሊ ትፈልጉታላችሁ?»

«የለም፤ በቻግኒ በኩል ነዋ።»

«የስንሻውም እንዲሁ ነው። የእግሩ ኬላ ዝም ብሏል። የጮኸው የሌላ መንገድ ነው። ቁስሉን አውቀነዋል፤ በሳምንት ይድናል፤ የዘር ነገር የለበትም።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባላምባራስም ፊታቸው ሊፈታ ጀመረ። እትዬ ጥሩአለም ግን መች ተኝተው። «ታዲያ የጮኸው የየት መንገድ ነው?» አሉ።

«የእግር አይደለም እመቤቴ።»

«የየት ነው ያልኩት እኮ።»

«እሱን ባለቤቱ ከነገረዎት ይንገርዎት፤ እኔ አልነግርዎትም።»

«አያችሁ! ንጹሕ ነገር ምን ያስደብቀዋል? እግሩ ነው! ከተሜዋ ለልጁ አዝና ነው» ብለው ተነሱ። የባላምባራስ ፊት ተመልሶ ጠቆረ። በርኖሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «ሲስተር፣ እኔ እርስዎን አልጠረጠርኩም። የተሸፈነ ነገር ላይ ግን ልጄን አልሰጥም። በሉ እንሂድ» አሉ። እኔ ምላሴን በላኝ። አንዲት ቃል ናት የቀረችው፤ ብጉንጅ ብዬ ብናገር ሁሉም ነገር ይፈታል። ሲስተር አንድ ጊዜ አዩኝ፤ አፌ ተዘጋ። ከዚያ ለባላምባራስ ሳይሆን ለሁሉም «ዝሆኔስ ቢሆን ኖሮ?» አሉ። «ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም። በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ነው የሚያመጣው። እግሩን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ጫማ ያደረገ ሰው ይሻለዋል፤ ያርሳል፣ ይጋልባል፣ ልጅ ያሳድጋል። አያቱን እኔ አላየኋቸውም። ግን ማንም ስላላጠባቸው ነው የባሰባቸው ብዬ እፈራለሁ።»

ይህን ጊዜ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበችው አንጓች በአገውኛ ተናገረች፤ ድምፅዋን ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበራት። ሲስተር ወደ እኔ ዞሩና «ምን አለች?» አሉኝ። «'አባባ፣ ውሃው ከወንዝ ነው፤ ሳሙናውም ከዚሁ ገበያ በስሙኒ ነው። ይህችን ላለማውጣት ነው እንዴ ሰው የምንመልሰው? እግሩ ቢያብጥም አገባዋለሁ' ነው ያለችው» አልኳቸው። በዚያ ዘመን በአባቷና በአክስቷ ፊት እንደዚያ የተናገረች የታጨች ልጅ አላውቅም።

የመጋረጃው ሽቦ ተንኳኳ። ስንሻው ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። ባላምባራስ ፊት መጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመና «ብጉንጅ ነው!» አለ፤ ከጉግስ ሜዳ ላይ ሆኖ የሚጣራ ይመስል ነበር። «ቂጤ ላይ ነው። ኮርቻ ነው ያቆሰለኝ። አዲስ ኮርቻ ነው፤ እንዲያምርልኝ ብዬ ግላስ አላነጠፍኩበትም። እሷ ያበጠ እግር ለመቀበል ቆርጣ እኔ ብጉንጅ ልደብቅባት አልችልም። ከፈለጉ ይከልክሉኝ።»

ባላምባራስ ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ የሰውየው ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አንተ ከብት!» አሉት። «ያለ ግላስ! እኔ እኮ ሙሽራ ሆኜ እንዲሁ ለጌጥ ብዬ ሁለት አውጥቶብኝ፣ የዚህችን ልጅ እናት ከቤቷ እኔ በእግሬ እየሄድኩ ነው ያመጣኋት። ፈረሱ ደክሞት ነው ብዬ።» እትዬ ጥሩአለም መቁጠሪያቸውን ጣሉ። «ያ ፈረስ ደክሞት አልነበረም?» አሉ። «ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ፈረስ ሰነፍ እያልኩ ስሰድበው!» ክሊኒኳ በሳቅ ልትፈርስ ሆነች፤ ሲስተር የሺመቤት ሳይቀሩ በነጩ ቀሚሳቸው እጅጌ አፋቸውን ሸፈኑ። ብጉንጁን በሞቀ የጨው ውሃ ተኩሰን፣ ሲበስል አፈሰስነው፤ ንፍፊቱም ተከትሎ ጠፋ። ሌባው ሲያዝ ኬላው ዝም ይላል።

ዛሬ ያ ሁሉ ተለውጧል። ጫማ የሌለው ልጅ በገጠሩም ማየት ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ እግር አጥበው የሚያሳዩ ጤና ባለሙያዎችም በየቀበሌው አሉ፣ ደስ ይለኛል። ሲስተር ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ የት እንዳሉ፣ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እኔ ግን በሽተኛ ብሽሽት ላይ ጣቴን ባሳረፍኩ ቁጥር ከኋላዬ ተቀምጠው ሲጠይቁኝ እሰማለሁ። ጎበዝ ነርስ ብዙ አይቻለሁ፤ ማወቅንና ዝም ማለትን እኩል የቻለ ሰው ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ባለቤቴ «ያቺን ሴትዮ ልታገባት ነበር እንዴ?» እያለች ትቀልድብኛለች። አይደለም፤ እሳቸውን መሆን ነበር የፈለግሁት።

ያኔ የስንሻው ሠርግ ላይ እኔም ሲስተርም ተጠርተን ነበር። ስንሻው በደረበ ግላስ ላይ ተቀምጦ፣ ፈረሱን እያስጨፈረ ሙሽራዋን አመጣ። በማግስቱ እንደ ወጉ አንጓች የባሏን ቤተሰብ ትልልቅ ሰዎች እግር ልታጥብ ወጣች፤ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ውሃ ይቀዱላታል፣ እሷ ተንበርክካ ታጥባለች፣ የታጠበው ይመርቃታል። የባሏን አባት አጠበች፣ የባሏን አጎቶች አጠበች፣ ሲስተር ቢግደረደሩም እሳቸውንም አጠበች። ሁሉም ካለቀ በኋላ አማቷ ገበቴውን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። አንጓች አልሰጠቻቸውም።

«አንድ ሰው ቀሩ» አለች።

«ማን ቀረ ልጄ?» አሉ አማቷ፣ ማን እንደቀረ እያወቁ።

እሷ ገበቴውን ይዛ ተነሳች። ውሃውን ደፍታ አዲስ ሞቅ ያለ ቀዳች፣ ሳሙናዋን ያዘችና በቤቱ ጎን ዞራ ወደ ጓሮ ሄደች። ከበሮው ቆመ። ሲስተር ተነሱ፤ እኔም ተከተልኳቸው፤ ከጎጆዋ ደጃፍ ግን ወደ ውስጥ አልዘለቅንም። አሮጊቷ የስንሻው አያት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ስትገባ ሲያዩ ቀሚሳቸውን ጎትተው እግራቸውን ሸፈኑ። «ኧረ ልጄ፣ ተይ! ትላንት ሙሽራ የሆነ እጅ በኔ አይቆሽሽም። ሂጂ፣ ከሰዎቹ ጋር ተጫወቺ» አሉ።

«ሁሉንም አጥቤ ነው የመጣሁት እማማ። እርስዎ ሳይመርቁኝ እንዴት እጫወታለሁ?» አለች አንጓች፤ ተንበርክካ መዳፏን ዘረጋች።

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አመነቱ። በመጨረሻ ጤነኛውን እግራቸውን ሰጧት። አንጓች በሳሙና አጠበችው፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አጠበችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው፣ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ አልተነሳችም። መዳፏን እንደገና ዘርግታ ጠበቀች። አሮጊቷ ወደ ደጃፉ አዩን፤ ወደ ልጅቷ አዩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ሌላውን እግራቸውን ዘረጉላት።